የሦስት መቶ ዘጠኝ አልጋ

ቶዘር በምትባል የበረሃ ከተማ ውስጥ፣ የተምር ዛፉ አልቆ ጨዋማው ሜዳ ከሚጀምርበት ዳር፣ ነኺል የሚባል ሆቴል አለ። ሞንጂያ እዚያ ሆቴል ሠላሳ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፋለች። ባሏ ሊቢያ ሠርቼ ልምጣ ብሎ ሄዶ እንደወጣ ቀረ፤ ልጅም አልሰጣትም። ዕድሜዋን ብትጠይቋት ሃምሳ ትላለች። አምስት ስድስት ዓመት ደብቃለች፤ ደብቃም ከሆነ ደግ አደረገች፣ ማንን ጎዳች? ዛሬ የአልጋ አንጣፊዎቹ ኃላፊ ናት። ወገቧ ያማታል፣ አፏ ግን ጤነኛ ነው።

ስለዚህች ሴት ስናገር ስለ ሲ ሻዝሊ ሳልናገር አይሆንልኝም። ሲ ሻዝሊ፣ «ሲ» በእነሱ ዘንድ አቶ ማለት ነው፣ የዱሮው ሥራ አስኪያጅ ነው። በእሱ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይቆምና ሠራተኛውን ሁሉ በስሙ ይጠራል። ስም ብቻ ቢሆን ምን አለበት! «ሞንጂያ! ወገብሽ እንዴት አደረ? ተውፊቅ! ያቺ ፍየልህ ወለደች ወይስ አሁንም ታሾፍብሃለች?» እንዲህ እያለ ሃያ ሦስቱንም ያዳርሳል። አንድ ሰው ከቀረ፣ «ክፍሏ ይቅደም!» ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ተንጋግቶ መጀመሪያ የቀረችውን ሰው ክፍሎች ያነጥፋል። የታመመች ልጅ ስትመለስ ሥራ ተከምሮ እንዳይጠብቃት ነው። ማንም አያጉረመርምም፤ ነገ ደግሞ የእሱ ተራ ነዋ።

ሠራተኛ ሲሞትስ? ሲሞት አርባ ቀን ሙሉ ክፍሉ ይቅደም ይባላል፣ ልክ እንደታመመ ሰው። በአርባኛው ቀን ሲ ሻዝሊ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሟቹ ሲያነጥፈው የኖረውን አንድ አልጋ በገዛ እጁ ይገፍፋል። መስኮቱን ይከፍታል። ከዚያ በስሙ ይጠራውና፣ «ደክመህልናል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለብህም። በሰላም እረፍ» ይለዋል። ሞንጂያ ይህንን አምስት ጊዜ ቆማ አይታለች። አንድም ጊዜ የሳቀ ሰው አላየችም።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት ሆቴሉ ተሸጠ። ሲ ሻዝሊን በአንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃህን ሰብስብ አሉት። በማግስቱ አኒስ የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ ከዋና ከተማው ከቱኒስ መጣ። ክፉ ሰው ነበር ልበላችሁ? አልልም። ችኩል ነበር። ሃያ ሦስት ስም ከማጠና ሃያ ሦስት ቁጥር ይቀለኛል አለና በመጣ ዕለት ለሁሉም ደረት ላይ የሚንጠለጠል ቁጥር አደለ። ሞንጂያ ሦስት ቁጥር ሆነች። የሦስተኛው ፎቅ አልጋ አንጣፊ ዙበይዳ አሥራ ሰባት ቁጥር።

ዙበይዳና ሞንጂያ ሠላሳ ዓመት ሲነታረኩ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። የአንሶላ ጠርዝ ሁለቴ ነው የሚታጠፈው ወይስ ሦስቴ በሚል ነገር ብቻ ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል! ዙበይዳ ሦስቴ ነው የምታጥፈው። ትራሱን ደግሞ ካስተካከለች በኋላ ሁለቱን ጫፎች በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ እንደ ድመት ጆሮ ታቆማቸዋለች። «እንግዳው ሲገባ የሚያዳምጠው ነገር ይፈልጋል» ትላለች። ሞንጂያ ይህንን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

«አሥራ ሰባት አሉኝ እኮ፣» አለች ዙበይዳ ቁጥሯን ደረቷ ላይ እያወዛወዘች። «ለገበያ የቀረበች በግ መሰልኩ እንዴ?»

«በግማ ትሰባለች፣» አለቻት ሞንጂያ።

በአምስተኛው ቀን ዙበይዳ አንሶላ ታቅፋ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ እንደተቀመጠች ቀረች። አላህ ይማራት። አንሶላው ከእጇ አልወደቀም ነበር፤ ሁለት ሰው ነው ያላቀቃት።

ልጇ ሪም እዚያው ሆቴል ነው የምትሠራው። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። እናትና ልጅ የሚያድሩት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ሪም ከሆቴሉ ሌላ ቤት አታውቅም። አኒስ፣ «ለቀብር አንድ ቀን ነው የሚፈቀደው፣ ደንቡ ነው» አለ። ልጅቷ እናቷን ቀብራ በማግስቱ ሽርጧን አስራ ገባች። አላለቀሰችም። ሞንጂያ ያን ጠዋት ስታያት አንጀቷን በላቻት፤ ግን ምን ትበል?

አርባኛው ቀን ሲደርስ ሁሉም ያውቀው ነበር። ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ላይ ተሰባስበው እርስ በርስ ተያዩ። አኒስ በዚያ በኩል በስልኩ እያወራ አለፈ። ማን ይንገረው? ማንም አልነገረው። ሞንጂያ አፏን ከፍታ ነበር፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያች ቀን ወዲህ ራሷን ይቅር አላለችም።

ከዚያ ሦስተኛው ፎቅ እንግዳ የለም ተብሎ ተዘጋ። ሆቴሉም እንዳልሆነ ሆነ። «እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል ብቻ» የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ የታመመች ሴት ስትመለስ የሦስት ቀን ቆሻሻ ይጠብቃት ጀመር። በዓመት ውስጥ ስድስት ሰው ለቀቀ። ካውያ ተኳሹ ተውፊቅ፣ ያ በሸሚዝ አንገት የሚኮራ ሰው፣ የእንግዳ ሸሚዝ አቃጥሎ ጉዳዬም አላለው። ሰላምታ ጠፋ። ሞንጂያም ብትሆን ጋቤስ ያለችው እህቷ ጋ ሄጄ ልረፍ ማለት አብዝታለች።

ጉዱ የፈላው በዚህ በጋ ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰቅላ እያንዳንዱን በር አስከፈተች፣ የተዘጋውን ሦስተኛ ፎቅ ሳይቀር። እዚያ ላይ አቧራው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሦስት መቶ ሰባት አቧራ፣ ሦስት መቶ ስምንት አቧራ። ሦስት መቶ ዘጠኝን ስትከፍት ግን ወለሉ ያብረቀርቃል። አልጋው ተነጥፏል። ሴትዮዋ እጇን አንሶላው ላይ አሳርፋ፣ «ይሄን የመሰለ አነጣጠፍ በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ አላየሁም፣ የማን ክፍል ነው?» አለች። አኒስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍል ድልድል አየ፤ ማንም ሳያርመው የቀረ ድልድል ነው።

«የአሥራ ሰባት፣» አላት።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ መቀበያው አዳራሽ ተጠራ። ተቆጣጣሪዋ ቆማለች፣ ሻንጣቸውን የያዙ እንግዶችም አሉ። አኒስ ምስክር ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ ፈገግ አለ። «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ! አሥራ ሰባት ቁጥር! ትምጣና ትቀበል!»

አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ሪም ወለሉን እያየች ናት። ሞንጂያ ግድግዳውን ያዘች።

«አሥራ ሰባት! የት አለች? አትፈሪ!»

ተውፊቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲ አኒስ፣ ሞታለች።»

«መቼ?»

«እርስዎ በመጡ በአምስተኛው ቀን።»

እንግዶቹ ተያዩ። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አወለቀች። የአኒስ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ ሆነ። እንዲህ ያለ ውርደት ጠላቴም አይድረሰው! ሴትዮዋ ወደ ቱኒስ እንደተመለሰች ሞንጂያን ቢሮው አስጠራት።

«ሦስት ቁጥር፣ ስሚኝ፣» አላት ሳይቀመጥ። «በእኔ ላይ ነው የምትቀልዱት? የተዘጋ ፎቅ ላይ እየወጣ አልጋ የሚያነጥፍ ሰው አለ። አነጣጠፉ የሟቿ ነው ብለውኛል። ማን ከእናቷ ተምራ እንደዚያ እንደምታነጥፍ የማላውቅ መሰለሽ?»

«ሪም አይደለችም ጌታዬ።»

«ካልሆነች ማን እንደሆነ ንገሪኝ። እስከ ሐሙስ። ሐሙስ ጠዋት ስም ካላመጣሽልኝ ልጅቷ ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች፣ ክፍሏንም ታስረክባለች።»

ሞንጂያ የት ትሂድ ልትለው ነበር። ግን ፊቱን ስታየው ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ ፍርሃትም ያለበት መሰላት። ተውታ ወጣች።

ሪምን ያገኘቻት አንሶላ ስትዘረጋ ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሦስት መቶ ዘጠኝ ትወጫለሽ?»

ሪም እጇ ቆመ። «በየቀኑ፣ አክስቴ። ቀትር ላይ ሁሉም ሲተኛ።»

«ወይኔ ልጄን! ታዲያ አንቺ ነሽ?»

«አላነጥፍም። ተነጥፎ ነው የማገኘው።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ቀን ላነጥፍ ነው የወጣሁት፤ የእማዬ ክፍል ይቅደም ብዬ። በሩን ስከፍት ተነጥፏል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አይቼው እወርዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ የሚወስዱብኝ መስሎኝ።»

«አልፈራሽም?»

«እናቴን?» አለች ሪም።

ማክሰኞ ዕለት ሽሂሊ ነፈሰ፤ ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ። በቀትር ከተማው በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ሞንጂያ ቁልፉን ከአንሶላ ማስቀመጫው አንስታ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አሸዋው በመስኮት ክፈፍ እየገባ ያፏጫል። ወለሉ ላይ የእግር ዱካ አየች፤ ትንንሽ የሪም ዱካ አለ፣ ሌላም አለ፤ አንዱ ሰፊ የወንድ ጫማ። ሁሉም ወደ አንድ በር ይሄዳሉ።

ከፈተች። የብርቱካን አበባ ውሃ ሸተታት፣ ዙበይዳ ካውያ ከመተኮሷ በፊት አንሶላ ላይ የምትረጨው። አንሶላዎቹ ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው የዱሮዎቹ ናቸው፤ አኒስ ከሁለት ዓመት በፊት አውጥቶ የጣላቸው። ጠርዙ ሦስቴ ታጥፏል። የትራሱ ጆሮዎች ቆመዋል። ሞንጂያ እጇን አሳረፈችበት። ሞቀ። አሁን ከካውያ እንደወረደ ነገር ሞቀ። እግሬ አውጪኝ ልትል ዞራ ተመለሰች።

«ዙበይዳ፣» አለች። «እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።» ከዚያ አንሶላውን ያዘችና ገፈፈችው። መስኮቱን ከፈተች። «ደክመሽልናል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለብሽም። በሰላም እረፊ።»

ነፋሱ አሸዋ አልብሷት ሄደ። ሌላ ምንም የለም። ሞንጂያ ቆልፋ ወረደች። መሀረቧን ወንበሩ ላይ እንደረሳችው ያወቀችው ቤቷ ገብታ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ስትወጣ አልጋው ተነጥፏል። እንዲያውም አንሶላው ተወጥሮ ከበሮ መስሏል፤ ዙበይዳ ስትናደድ የምትወጥረው አወጣጠር። መሀረቧ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሦስቴ ታጥፎ ተቀምጧል። ሞንጂያ መሀረቧን አንስታ አልጋውን ገላመጠችው። ግትር! ሞታም ከእኔ ትእዛዝ አልቀበልም አለች እኮ!

በቀትር ወደ ሲ ሻዝሊ ዘንድ ሄደች። ሰውየውን የተምር እርሻው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። አርጅቷል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ግን ገና በሩቁ፣ «ሞንጂያ! ወገብሽስ?» አላት። እሷም ሆድ ብሷት ኖሮ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችው። አልተገረመም።

«ይምጡና ያሰናብቷት ሲ ሻዝሊ። እርስዎን ትሰማለች።»

«አልችልም ልጄ።» ሽማግሌው በትሩን አሸዋው ላይ ጫር ጫር አደረገ። «የተባረረ ሰው ሌላ ሰው ማሰናበት አይችልም። ዙበይዳ ሥራ ታውቃለች። አለቃዋ አሁን ያ ልጅ ነው። በቃሽ ማለት ያለበት እሱ ነው።»

«እሱማ ስሟንም አያውቀው!»

«እንግዲያው ይወቀዋ፣» አለ ሲ ሻዝሊ። «ብቻ አደራሽን፣ ከወረቀት አንብቦ እንዳይጠራት። እኔ አንድም ቀን ከወረቀት ጠርቻችሁ አላውቅም።»

ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ቆመዋል። ሪም ትንሽ ሻንጣ ይዛለች፤ ያላት ዕቃ ያው ነው። አኒስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል።

«ስም፣» አለ ወደ ሞንጂያ ዞሮ።

ሞንጂያ አፏን ሳትከፍት ተውፊቅ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ወጥቻለሁ። ላነጥፍላት። ተነጥፎ አገኘሁትና ወረድኩ።»

«እኔም፣» አለች ከኋላ ወጥ ቤት የምትሠራዋ ሴት። «እኔም ተነጥፎ ነው ያገኘሁት።»

«እኔም።» «እኔም፣ ባለፈው ዓርብ።» ስምንት ሰው ሆነ። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ለካ እያንዳንዱ ብቻውን፣ ሌላው ሳያውቅ፣ ይቅደም የተባለውን ክፍል ሊያስቀድም ወጥቶ ኖሯል። ለካ ሁሉም ባዶ እጁን ወርዷል።

«እንግዲህ ማን ነው የሚያነጥፈው?» አለ ተውፊቅ፣ ጥያቄው ራሱንም አስደንግጦት።

አኒስ ይጮሃል ብለው ጠበቁ። አልጮኸም። ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «ትናንት ቀትር ላይ እኔው ራሴ ገፈፍኩት፣» አለ። «ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ።»

«ከዚያስ?» አለችው ሞንጂያ።

«አንሶላ ሲራገፍ ሰማሁ። ከውስጥ። ሁለት ጊዜ።» ላቡን ጠረገ። «አልከፈትኩም።»

የማጠቢያ ማሽኑ ብቻ ይዞራል። ሞንጂያ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ የቆየውን ነገር አወጣችው። የዱሮውን ልማድ፣ አርባኛውን ቀን፣ ማንም ሳይነግረው እንደቀረ፣ እሷም አፏን እንደዘጋች ነገረችው። «ሥራዋ አብቅቷል ብሎ የነገራት አለቃ የለም፤ ስለዚህ ትሠራለች። ስም አምጪ ብለውኝ ነበር። ስሙ የእሷ ነው። ልጅቷን አያባርሩ፣ እናቷን ያሰናብቱ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅባት ነበር። ያን ቀን አንገቱን ደፋ። «እሺ፣» አለ። «እንሂድ።»

ደረጃውን በሰልፍ ወጡ። ዙበይዳ የተቀመጠችበት እርከን ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሳይነጋገሩ ዳር ዳሩን ረገጡ። አኒስ ግን አያውቅም፤ መሀሉን ረግጦ አለፈ። ሞንጂያ ጥርሷን ነከሰች። በሩ ተከፈተ፣ የብርቱካን አበባ ውሃው ሽታ ወጣ፣ አልጋው እዚያ አለ። ተነጥፏል።

አኒስ ኮቱን አወለቀ። ወደ አልጋው ቀርቦ ቆመ። ከኪሱ የሠራተኞቹን ዝርዝር አወጣ።

«ከወረቀት አይሆንም፣» አለችው ሞንጂያ።

ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ከዚያ ወደ ሪም ዞረ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ አንድ ቁጥር እያለ የጠራትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያየ ይመስል ነበር።

«እናትሽ… ስሟ ማን ነበር?»

«ዙበይዳ፣» አለች ሪም። «ሰዉ ላላ ዙበይዳ ነበር የሚላት። በትልቅነቷ።»

«ላላ ዙበይዳ፣» አለ አኒስ ወደ አልጋው ተመልሶ። «በመጣሁ በአምስተኛው ቀን ነው የሞቱት። አላውቅዎትም ነበር። ለልጅዎ ለቀብርዎ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈቀድኩት። ይቅር ይበሉኝ። ደክመውልናል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለብዎትም። በሰላም ይረፉ።»

አንሶላውን በሁለት እጁ ይዞ ገፈፈ። ወዲያው ጩኸት አመለጠው። «ቀዘቀዘ፣» አለ። «እየሞቀኝ ነበር፣ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።» ሞንጂያ መስኮቱን ከፈተች። ሦስት ቀን ሲያፏጭ የሰነበተው ነፋስ ጸጥ ብሏል። ሽታውም እየሳሳ ሄደ፤ ቀጥሎ ባዶ ክፍል ባዶ ክፍል ሸተተ።

ያን ጊዜ ነው ሪም የጮኸችው። ሁለት ዓመት ያልወጣ ልቅሶ ወጣ። እዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ «እማዬ! እማዬ ሄደች! አሁን ሄደች!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ሴቶቹ ከበቧት። ሞንጂያ የልጅቷን ጭንቅላት ጉያዋ ውስጥ አስገብታ አብራት አለቀሰች። ልጅቷን አተርፋለሁ ብላ እናቷን ለሁለተኛ ጊዜ የወሰደችባት እሷ ናትና፣ እንባው ሁለት ዓይነት ነበር።

አኒስ አጠገባቸው በርከክ አለ። «ሐዘን ስንት ቀን ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ሞንጂያን ጠየቃት።

«ሦስት።»

«ሰባት ትቀመጥ። መኝታ ክፍሏን ማንም አይነካባትም። ላላ ሞንጂያ፣ እርስዎ ቤት ትሁን?»

ሞንጂያ ስሟን ሰምታ ቀና አለች። «እኔ ቤት፣» አለችው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞንጂያ ሪምን ቤቷ አስተኝታ መጣች። ሦስት መቶ ዘጠኝን ቀድማ ሄዳ አይታዋለች፤ ፍራሹ ራቁቱን ነው፣ እንደተገፈፈ አድሯል። ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ስትደርስ አኒስ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ወረቀት አልያዘም። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ሰው ይመስላል። «ተውፊቅ፣» አለ። «ላላ ሞንጂያ፣» አለ። ከሌሎቹ ሁለት ስም አምታታ፣ አረሙት። ሪም ላይ ሲደርስ መልስ የለም።

«ክፍሏ ይቅደም!» አለ ተውፊቅ፣ ሳያስበው ከአፉ አምልጦት።

ተንጋግተው ሪም ወደምታነጥፈው ክፍል፣ ወደ መቶ አሥራ ሁለት ሄዱ። ሞንጂያ ከፊት ነበረች። በሩን ከፈተች፣ ክው አለች። አልጋው ተነጥፏል። ከኋላዋ አንዲት ሴት፣ «ያ ረቢ!» ብላ ሸሸች።

ሞንጂያ ግን ቀረብ ብላ አየችው። አንሶላው በአንድ በኩል ወለል ይጠርጋል፣ በሌላው በኩል ፍራሹ ወጥቷል። ጠርዙ ሦስቴ ሊታጠፍ ተሞክሮ አራት ቦታ ተጨማዷል። «ይሄማ የሙት ሥራ አይደለም፣» አለች። «እንዲህ አድርጎ የሚያነጥፍ ሙት የለም! ማነው ይሄን ጉድ የሠራው?»

አኒስ ከበሩ ጋ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ቆሟል። «እኔ ነኝ። በጠዋት መጥቼ… ቀረች ብዬ።»

ሁለት ዓመት ያልተሳቀበት ሆቴል በሳቅ ፈረሰ። ተውፊቅ ሆዱን ይዞ ግድግዳ ተደገፈ። አኒስም መጨረሻ ላይ ሳቀ። ሊያስተካክሉት እጃቸውን ሲዘረጉ ሞንጂያ ከለከለቻቸው። «እንዳለ ይቆይ፣» አለች፣ «ልጅቷ ስትመለስ ትየው።» ሰዉ እየተሳሳቀ ወጣ።

እሷ ለመውጣት ስትዞር ትራሱን አየችው። ቀጥ ብሏል፣ አንድ ሽብሽብ የለበትም። ሁለቱ ጫፎች ቆንጠጥ ቆንጠጥ ተደርገው እንደ ድመት ጆሮ ቆመዋል።

«ሲ አኒስ፣» አለች ቀስ ብላ። «ትራሱን ማን አሳየዎት?»

«ትራሱን?» ሰውየው ወደ ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ትራሱን እንኳ አልነካሁትም። እንዴት እንደሚደረግ ስላላወቅኩ መደርደሪያው ላይ ነው የተውኩት።»

ሞንጂያ መደርደሪያውን አየች። ባዶ ነው። አኒስም አየ። «ግን አሰናበትኳቸው እኮ፣» አለ። «ሥራ የለብዎትም ብያቸዋለሁ።»

«ይሄ ሥራ አይደለም፣» አለችው ሞንጂያ። «ይሄ የልጇ አልጋ ነው።» ክንዱን ይዛ አስወጣችውና በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።